ፊደል የሌለበት መጽሐፍ

ላይፕዚግ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ጋሼ ሕሩይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ሳልዎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እያፈሰሰ የሚያጣላዎት ጣሪያም ጭምር እንዴት ከረሙ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ስደውልልዎ «ቁም ነገር ከሆነ ጻፊው፤ በስልክ የሰማሁት ጆሮዬ ውስጥ አያድርም» ስላሉኝ ይኸው ታዝዣለሁ።

የምሠራበት የልጆች ቤተ መጻሕፍት በመጪው ክረምት መግቢያ ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። ሥዕል ያለው የልጆች መጽሐፍ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነው። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ስበረብር እውላለሁ። በጣም የቆዩት ከእንጨት ቅርጽ የታተሙ ናቸው፤ ከላይ ሥዕሉ፣ ከታች የነገሩ ስም። በቀለም ማተም ሳይለመድ በፊት ደግሞ ሥዕሉን አንድ በአንድ በእጅ ይቀቡት ነበር፤ በአንዳንድ አገር የሚቀቡት ራሳቸው ልጆች ነበሩ። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ቀዩን ብቻ፣ ሌላው ሰማያዊውን ብቻ ቀብቶ ለጎረቤቱ ያቀብላል። አንድ ገጽ ላይ የሴትዮዋ ቀሚስ ቀለም አልፎ አጠገቧ ያለችውን ዶሮ ነክቷታል። ሳየው ሳቅሁ፤ «ከመስመር አትውጪ» የሚለው ድምፅዎ መጣብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ትንሽ አሳታሚ ከዐውደ ርእዩ ጋር አዲስ መጽሐፍ ሊያወጣ ተስማምቷል። ታሪኩ የእኔ ነው። ፊደል የሌለበት፣ በሥዕል ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። አንዲት ሴት ጠዋት እንጦጦ ትወጣለች፣ ጭራሮ ትለቅማለች፣ ተሸክማ ትወርዳለች፣ ሸጣ ለልጇ ደብተር ገዝታ ትገባለች። ሴትዮዋ እማዬ ናት።

እንደሚያውቁት እማዬ ማንበብ አትችልም። ለምን እንደሆነ በጠየቅኋት ቁጥር «ጊዜ የት ነበረኝ» ትለኛለች። እኔ በእሷ ጀርባ ተምሬ ይኸው መጽሐፍ መሀል እውላለሁ፤ እሷ አንዱን እንኳ ገልጣ አታውቅም። በሕይወቷ አንድ መጽሐፍ፣ ማንም ሳያነብላት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ እንድታነብ እፈልጋለሁ። ሌላ ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም።

ሥዕሉን እርስዎ ይሥሩልኝ። አሥራ አራት ሥዕል ነው፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ መድረስ አለበት። ብቻ ለእማዬ እንዳይነግሯት፤ ድንገት እንዲሆንባት ነው።

በየቅዳሜው እርሳስ ያስያዙኝ ልጅዎ
ሐመልማል


የካ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ በአምላክ ቸርነት አለሁ። ጣሪያው እንደነበረ ነው፤ ሳሉ ግን ከእኔ ጋር ተላምዶ ወዳጅ ሆኗል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሰባ ሦስት ዓመቴ ሰው ሥዕል ሣልልኝ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚህ ሰፈር አሁን የምታወቀው በጡረተኛነቴና በኩርፊያዬ ነው። እግዜር ያክብርሽ። እሠራለሁ።

ስለ ልጆች መጽሐፍ ከጻፍሽልኝ እኔም የራሴን ልንገርሽ። በልጅነቴ ፊደል የቆጠርኩት ሥዕል በሌለው ገበታ ላይ ነው። የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፌ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። እናቴ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ እኔ ግድግዳ አነባለሁ። ደግ ሰው ፊቱን ወደ አንቺ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያይሻል። ክፉ ሰው፣ ሰይጣንም፣ ሰማዕት የሚወጋ ወታደርም፣ በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያውቀው። በኋላ ከአንድ ሰዓሊ ቄስ ሥር ሆኜ ቀለም ስበጠብጥ ሕጉን በእጄ ተማርኩት፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ለተማሪዎች ማንበቢያ ሥዕል የምንሠራው በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ሥዕሉ ወደ ብረት ሰሌዳ ተገልብጦ ሲታተም ቀጭኑ መስመር ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁሉ ሰው ቅንድቡ ወፍራም ነው። ሀብታም ዓመት ከሆነ አንድ ቀይ ይጨመርልናል።

አንድ ልለምንሽ፤ ቀጭን ብሩሽ ላኪልኝ። እዚህ ያገኘሁት ፀጉሩን ሥዕሉ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ለእናትሽ እንዳልነግር ያልሽኝን እጠብቃለሁ። እሱ እንኳ አይከብደኝም።

ሕሩይ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሕሩይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ። ብሩሾቹን የሲ.ኤም.ሲው ነጋዴ ማቲዎስ ይዞልዎታል፤ ስምንት ናቸው። ሥዕሎቹ ሲያልቁ ለእሱው ይስጡት፤ በየአንድ ወር ተኩሉ ወደዚህ ይመላለሳል።

ስለ ግድግዳው የጻፉልኝን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። እኛ እዚህ የመጽሐፉን ታሪክ ከማተሚያው ነው የምንጀምረው፤ መጀመሪያ የእንጨት፣ ቀጥሎ የድንጋይ ማተሚያ፣ ቀጥሎ ርካሽ ባለቀለም ኅትመት መጥቶ መጽሐፉ ደሃ ቤት ገባ እያልን። ለካ አንድ ሰፈር ሙሉ አብሮ የሚያነበው መጽሐፍም አለ። ለዚህም አመሰግንዎታለሁ።

ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። እርስዎ የሣሉበት የዚያን ጊዜ ማንበቢያ እጅዎ ላይ ካለ ለዐውደ ርእዩ ያውሱኝ፤ መስተዋት ውስጥ አስቀምጬ በክብር እመልሰዋለሁ። ሁለተኛው፣ ባለፈው ከእማዬ ጋር ስናወራ ስምዎን አነሣሁ፤ «ደህና ነው መሰለኝ» አለችና ስለ ሽንኩርት መወደድ ማውራት ጀመረች። አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው በመሀላችሁ ያለው። ተኳርፋችኋል እንዴ?

ልጅዎ ሐመልማል


የካ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፣

ለአንቺ ጤና፣ ለዚያ አገር ብርድ ልብ ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ አትቆጪኝ። ብሩሾቹን ሳይ እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ አንዱን ለሁለት ቀን ሳልነክረው በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

አሥራ ሦስቱን ሥዕሎች ለማቲዎስ ሰጥቻለሁ። ዳገቱን፣ ባሕር ዛፉን፣ የላምበረት ገበያን ግርግር፣ ደብተር የምትገዛበትን ሱቅ ሁሉንም አደረስኩ። ስምንተኛው፣ ሸክሙን ይዛ የምትወርድበት፣ ቀርቷል። እያሰብኩበት ነው። ምናልባት ሴትዮዋን ትተን ሸክሙን ብቻ ብናሳይስ? ወይም እግሯን? ወይም ጭራሹን ብንዘለውስ? ልጆች ብልጥ ናቸው፤ ከወጣች መቼም መውረዷ አይቀርም።

እዚህ ሰፈር የልጆች ማንበቢያ ክፍል ተከፍቷል፤ ባለፈው ገብቼ አየሁ። መጽሐፉ ሁሉ ቀለም በቀለም ነው። አንዳንዱን ኮምፒዩተር የሠራው ይመስላል፤ አሥር ልጅ ተሥሎ አሥሩም አንድ ፊት አላቸው፤ አንዱማ ስድስት ጣት አለው። ላጣጥል ብዬ አፌን ስከፍት ሁለት ሕፃናት በአንዱ መጽሐፍ ሲጣሉ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። በመጽሐፍ የሚጣላ ልጅ ማየት እኔ በዕድሜዬ ያላገኘሁት ጸጋ ነው።

የድሮውን ማንበቢያ ነገር ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

ሕሩይ


ላይፕዚግ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሕሩይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሥዕሎቹ ደርሰዋል። የመጽሐፉ አዘጋጅ ካሪን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋቸው አይታ ሄዳ እጇን ታጥባ ተመለሰች፤ በቆሸሸ እጅ አልነካቸውም ብላ። እኔ ደግሞ የሱቁን ሥዕል ሳይ አለቀስኩ። ያንን ደብተር አስታውሰዋለሁ።

ስምንተኛው ግን መዘለል አይችልም። መጽሐፉ በእሱ ላይ ነው የቆመው፤ እማዬ የኖረችው ያንን ቁልቁለት ነው። ካሪን ደግሞ አንድ ነገር ትላለች። በሥዕል መጽሐፍ የተሣለው ሰው ወደሚገለጠው ገጽ እያየ ሲሄድ ነው አንባቢው «ቀጥሎስ?» ብሎ የሚገልጠው። ስለዚህ ሴትዮዋ ከጎን ትሣል፤ ሸክሟም ጎንበስ ማለቷም በደንብ ይታይ ትላለች። ቀላል ንድፍ አያይዛለች።

ጊዜው እያጠረብን ነው፤ እባክዎ ጋሼ።

ሐመልማል


የካ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐመልማል፣

ደህና ነኝ፤ ደህና ሁኚልኝ። ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ሰላምታና ጨዋታ እያበዛሁ ከነገሩ ስሸሽ መክረሜን ራሴም አውቄዋለሁ።

ከጎን አልሥላትም። አንድ ጊዜ ሥያታለሁ።

በ1976 ዓ.ም. ለሁለተኛ ክፍል ማንበቢያ እንጨት የተሸከመች ሴት ሣል ተባልኩ። አለቃዬ ውጭ አገር የተማረ ሰው ነበር። «ከጎን አድርጋት፤ ሸክሙ ይታይ። ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለኝ። እኔም ዘመናዊ አሣሣል ማወቄን ላሳየው ፈለግኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ፊቷን የማን ላድርገው ብዬ አልተቸገርኩም። የአጎቴ ልጅ ዘቢደር፣ አብራኝ ያደገችው እናትሽ፣ በየቀኑ በደጄ ትወርድ ነበር። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጠንካራዋ እሷ ስለነበረች በመጽሐፍ ትኑር ብዬ፣ ላከብራት ብዬ ሣልኋት። አልጠየቅኋትም። በአንድ ዐይን ሣልኋት።

በዚያ ዓመት በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር። የጎልማሶቹ መጽሐፍ ስላልተዳረሰ የልጆቹን ማንበቢያ አደሏቸው። እናትሽ እንጨቷን ሸጣ ከሰዓት በኋላ ትማር ነበር፤ ፈጣን ነበረች አሉ። አንድ ቀን አዲስ ትምህርት ሲገልጡ እሷ ናት፤ ከነመቀነቷ፣ ከነግንባሯ ጠባሳ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ እንደ እኔው ግድግዳ እያየ ያደገ ነው። አንዷ «ውይ! ከክፉዎቹ ወገን አደረጋት!» አለች። ሳቁ። ልጆች «አንድ ዐይና! አንድ ዐይና!» እያሉ እስከ ላምበረት ይከተሏት ጀመር። አሮጊቶቹ ግን አልሳቁም፤ «ሕሩይ ዘመዷ አይደል? የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» አሉ። እሱ ከሳቁ ይብሳል።

ከዚያ ቀን በኋላ አዳራሹን አልረገጠችም። ጊዜ አጥታ አይደለም፣ ልጄ። ፊደል ያስጣልኋት እኔ ነኝ።

ሄጄ ይቅር በዪኝ ማለት ይገባኝ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ዘገየሁ፤ ከዚያ መዘግየቴ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ያልቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በመሀሉ አንቺ ተወለድሽ። ሰባት ዓመት ሲሞላሽ አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳሽና «እማዬ ሥዕል አስተምራት ብላለች» አልሽኝ። ወጥቼ ሳይ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋ ቆማለች። አልቀረበችም፤ አልሄደችምም። እስክትገቢ ጠበቀች። እኔን ሳትምረኝ ልጇን አመነችኝ። ይህ ውለታዋ ዛሬም አለብኝ።

አሁን ቁጣሽን እጠብቃለሁ። ብትተዪኝም ሥዕሎቹ የአንቺ ናቸው።

ሕሩይ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሕሩይ፣

አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ስድስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ፤ የመጀመሪያው ቢደርስዎ ኖሮ ደግመው አይጽፉልኝም ነበር። ተናድጄብዎት ነበር። በአንድ ዐይን ስለሣሏት አይደለም፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ አርባ አንድ ዓመት ስለቆሙ ነው። እማዬ የመድኃኒት ወረቀት ለጎረቤት ስታስነብብ፣ እኔ የሰጠኋትን ካርድ ሥዕሉን ብቻ ስትመለከት እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ያረጀችውም እንዲሁ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ሌላውን መጻፍ አለብኝ። እኔ እስካሁን ሥዕል ፊደል ለማያውቅ ሰው የሚሰጥ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ያ አዳራሽ ግን ሥዕሉን ከአለቃዎ የተሻለ ያነብ ነበር። ይህን ለካሪን ነገርኳት። በማግስቱ ደውላ «ፊት ለፊት ትሁን፤ ገጹን ሰዎች እንዴትም ብለው ይገልጡታል» አለችኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻም ጊዜ ሰጠችን።

ቅዳሜዎቹንም ቆጠርኩ። አሥር ዓመት ያህል ናቸው። እርሳስ ቀርጸው ሲሰጡኝ፣ «ቀስ በይ» ሲሉኝ፣ ስሄድ እስከ አጥሩ ዐይንዎን ሳይነቅሉ ሲሸኙኝ። እኔን ብቻ የሚሸኙ ይመስለኝ ነበር። ያለእነዚያ ቅዳሜዎች ዛሬ እዚህ አልገኝም፤ እማዬም ይህን ታውቃለች። አመሰግንዎታለሁ፤ ከልቤ ነው።

ለእማዬ ግን እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይሂዱ። የሥዕሎቹን ቅጂ ልኬያለሁ፤ ይዘውላት ይሂዱ። ድንገተኛ ስጦታ መሆኑ ይቅር። እሷ እሺ ካላለች መጽሐፉ አይታተምም።

ሐመልማል


የካ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐመልማል፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። በሕይወት ያቆየኝን፣ ደግሞም እግሬ ዳገት እንዲወጣ የፈቀደውን አምላክ አመሰግናለሁ።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሄድኩ። ስምንተኛውን ሥዕል ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ሥዬ ከቅጂዎቹ ጋር በብብቴ ይዣለሁ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቆሜ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ፤ በር ላይ ቆመህ ለሰው አታሳየኝ» አለችኝ።

ገባሁ። ስዘጋጅበት የከረምኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ዘቢደር፣ አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅሽ ሣልኩሽ፣ ከትምህርትሽ አስወጣሁሽ፣ ከዚያ ደግሞ ፈርቼ ቀረሁ። ይቅር በዪኝ» አልኳት።

ከምስሩ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «አርባ ዓመት ሙሉ ያጠናኸው ይቺን ነው?» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ይቅር ብዬሃለሁ። ሥዕሉንማ ልጅቷን ስልክልህ ትቼው ነበር። አንተ ግን መምጣት አቃተህ።»

አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። እሷ ምስሩን ገፋ አድርጋ «ያዝከውን አሳየኝ» አለች።

ሥዕሎቹን ዘረጋሁላት። በጣቷ እየተከተለች፣ ለራሷ እያወራች አነበበቻቸው። «ይሄ የእኛ ዳገት ነው። ይቺ ብርድ ይዟታል። አሃ፣ የጫካው ዘበኛ መጣባት!» የሱቁን ስታይ «ልጄ ይሄን ታስታውሳለች?» ብላ ሥዕሉን ደረቷ ላይ አደረገችው። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምነው ሕሩይ፣ ገመዱን እንዴት ነው ያሰርከው? እንዲህ አስሬ ወርጄ ቢሆን ከጫካው ሳልወጣ ወገቤ ተቆርጦ ነበር!»

ተነሥታ ትራሷን በገመድ ጠፍራ፣ ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ገመዱን በደረቷ አሳልፋ ፊቴ ቆመች። እዚያው አስተካክዬ ሣልኩት። ስለ ዐይኗ ስጠይቃት «እሱ ደህና ነው» አለች። ይህን ለካሪን ንገሪያት።

ሥዕሎቹን ሰብስባ ስታበቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ጀርባቸውን አየች። «ጽሑፉ የት አለ?» አለችኝ።

«የለውም። ሆን ብላ ነው፤ አንቺ ራስሽ እንድታነቢው» አልኳት።

«ልጄ መጽሐፍ ቤት ተቀምጣ ለእኔ ፊደል የሌለው አሠራችልኝ?» ቆጣ አለች፤ መልሳም ሳቀች። «እግዜር ይስጣት፤ ከልቧ ነው። ግን ይጻፍበት በላት፤ በትልልቁ። እኔ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነው ያቆምኩት፤ እስከ አሥር ያለውን አልረሳሁም። ያ መጽሐፍ አለህ?»

«አለኝ።»

«ነገ ይዘኸው ና።»

ስለዚህ ለዐውደ ርእይሽ አልልክልሽም፤ መጽሐፉ ተይዟል።

በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። እውነትም የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ጥቂት ብቻ እየተደናቀፈች ዘለቀቻቸው። አሥራ አንደኛው የእሷ ሥዕል ያለበት ገጽ ነው። ራሷ ገለጠችው። አንድ ጊዜ አየችውና ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው፤ በሌላው እጇ ጣቷን ከሥር ካለው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠች።

ያንን ጽሑፍ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ረስቼዋለሁ። በዚያ አዳራሽም ያን ዕለት ሥዕሉን አይተው ስለሳቁ ማንም እስከ ጽሑፉ አልደረሰም። እየቆመች፣ እየተመለሰች፣ አንድ በአንድ አነበበች።

«ይህች... ሴት... ጎበዝ... ናት። ሁላችንም... እናከብራታለን።»

ጣቷን ሳታነሣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንዲህ ይል ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ደግማ አነበበችው።

ሕሩይ